ጅብ ከሄደ የሚጮህ ኮምፒውተር

በብሉቱዝ ኢርፎን የተኩስ ጌም ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ? ጣታችሁ ስክሪኑን ይነካል፣ ጥይቱ ይወጣል፣ ጠላት ይወድቃል፤ «ጧ!» የሚለው ድምፅ ግን ትንሽ ቆይቶ ነው ጆሯችሁ የሚገባው። ከኋላ የሚመጣውን ተጫዋች ኮቴ በሰማችሁበት ሰዓት እናንተ ቀድማችሁ ሞታችኋል። በዚያው ስልክና በዚያው ኢርፎን ፊልም ስታዩ ግን የተዋናዩ ከንፈርና ድምፁ ልክክ ያለ ነው። ለምን ይመስላችኋል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ፊልሙ ተቀርፆ ያለቀ ስለሆነ ስልኩ ድምፁ እንደሚዘገይ ካወቀ ምስሉንም አብሮ ያዘገየዋል። ሁለቱም እኩል ከዘገዩ ማን ያውቃል? ጌም ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ቀጣዩ ድምፅ የሚወሰነው እናንተ አሁን በምትነኩት ነው። ገና ያልነካችሁትን ነገር ስልኩ ከየት አምጥቶ ያዘጋጃል?

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ውሻው አልዋሸም፤ ጅቡ በእርግጥ መጥቶ ነበር። የጎደለው ሰዓቱ ብቻ ነው። በኮምፒውተር ዓለም ሰዓት እንዲህ የሚወስነውን ሥራ «ሪል ታይም» ይሉታል። ብዙ ሰው ቃሉ «በጣም ፈጣን» ማለት ይመስለዋል። ትርጉሙ «በተቀጠረበት ሰዓት የሚደርስ» ማለት ነው። ትክክለኛው መልስ ዘግይቶ ከመጣ እንደተሳሳተ ይቆጠራል፣ በቃ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እንዴት ይምረጥ የሚለውን ነው። ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ? ጥያቄው ሶሻል ሚዲያ ላይ ሲነሳ ሰዉ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ጎራ ይለያል። እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም። ጥያቄው የመጣብኝ እንጀራው ከተንጠለጠለበት ሰው ስለነበር ለመደገፍም ጊዜ አልነበረኝም።

የኪቦርዲስቱ ጥያቄ

የአክስቴ ልጅ ኪቦርዲስት ነው፤ የሚኖረው በሠርግ ሥራ ነው። እሱ ይዞት የሚዞረው ኪቦርድ የራሱ ድምፅ የለውም። ቁልፉ ሲመታ «ይህ ቁልፍ በዚህን ያህል ኃይል ተመታ» የሚል መልእክት በዩኤስቢ ገመድ ይልካል እንጂ ሌላ ነገር አይሠራም። ፒያኖውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን የሚያሰማው ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ነው።

ታኅሣሥ ላይ ልምምድ እያደረጉ ሳለ ድምፁ «ጠጭ… ጠጭ…» ማለት ጀመረ። አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ሰላም ይሆናል፣ ከዚያ ድንገት ጠጭ ይላል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ለሦስት ሠርግ ቀብድ ተቀብሏል። በዚያው ሰሞን ዕቁብ ደርሶት ነበርና ደወለልኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዕቁቡን በሙሉ አውጥቼ ማክ ልግዛ? ወይስ ጓደኞቼ እንደሚሉት ሊኑክስ ልጫን? ዊንዶውስ ለዚህ ሥራ አይሆንም እያሉኝ ነው።»

ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። የሠርግ ሥራ በማስታወቂያ አይገኝም፤ በስልክ ነው የሚጠራው። አዳራሹ ሞልቶ፣ ሙሽሮቹ እየገቡ ሳለ ስፒከሩ ጠጭ ጠጭ ካለ ቪዲዮው ላይ ለዘላለም ይቀራል። የባንዱ መሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ልጅ ጋ ነው የሚደውለው። ዕቁቡም ቢሆን ስንት ወር የተጣለ ገንዘብ ነው። በወሬ ማክ ገዝቶ ጠጭ ጠጩ ቢከተለውስ?

«አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ ብሩን እንዳትነካ» አልኩት።

99.99 አምጥቶ መውደቅ

በመጀመሪያ ላፕቶፕ ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣ እንይ። ለኮምፒውተር ድምፅ ማለት የቁጥር ሰልፍ ነው። በተለመደው አሠራር ለአንድ ሰከንድ ድምፅ 48 ሺህ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዷ ናሙና ትባላለች። ሶፍትዌሩ ናሙናዎቹን አንድ በአንድ አያቀብልም። ጥቂት ጥቂት እያደረገ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይሞላል፣ ሳውንድ ካርዱ ከዚያ እየቀዳ ያሰማል። ማጠራቀሚያው «በፈር» ይባላል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው በፈርን ለመረዳት አይቸገርም። ሮቶው ትልቅ ከሆነ መስመሩ ሁለት ቀን ቢጠፋም ቤት ውስጥ ውሃ አይቋረጥም፤ የምትጠጡት ግን ከትናንት ወዲያ የገባውን ነው። ሮቶው ትንሽ ከሆነ ውሃው ትኩስ ነው፤ መስመሩ ትንሽ ጠፋ ሲል ግን ቧንቧው ይደርቃል። ያ መድረቅ ነው ስፒከሩ ላይ «ጠጭ» ሆኖ የሚሰማው።

ዩቲዩብ ላይ ሙዚቃ ስትሰሙ ሮቶው ትልቅ ነው፤ ዘፈኑ ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ቢጀምር ማንም አይሞትም። ቁልፍ የሚመታ ሰው ግን ይህን ያህል መጠበቅ አይችልም። በፈሩ 1,024 ናሙና የሚይዝ ከሆነ እሱ ብቻውን 21 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። 128 ናሙና ከሆነ 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንድ ሚሊሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ 10 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት ከስፒከሩ ሦስት ሜትር ተኩል ርቆ እንደመቆም ነው። ሙዚቀኞች ይህን ለምደውታል። ከ20 ሲያልፍ ግን ጣትና ጆሮ መጣላት ይጀምራሉ።

እንግዲህ በፈሩን 128 አድርገነዋል እንበል። ሶፍትዌሩ በሰከንድ 375 ጊዜ ነቅቶ፣ አስልቶ፣ ሞልቶ መጨረስ አለበት። ሠርጉ ላይ አራት ሰዓት ቢጫወት 5 ሚሊዮን 400 ሺህ ጊዜ ማለት ነው። አሁን ላፕቶፑ በጣም ጎበዝ ሆኖ 99.99 ከመቶውን በሰዓቱ አደረሰ እንበል። በየትኛውም ትምህርት ቤት 99.99 ያመጣ ልጅ ይሸለማል። እዚህ ግን የቀረችው 0.01 ከመቶ ስትሰላ 540 ጊዜ «ጠጭ» ትሆናለች። በየደቂቃው ከሁለት በላይ! ሙሽሮቹ አዳራሽ ገብተው እስኪቀመጡ ብቻ አሥር ጊዜ።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚነገራችሁ የላፕቶፕ ፍጥነት በአማካይ ምን ያህል እንደሚሠራ ነው የሚናገረው። ሪል ታይም ሥራ ደግሞ አማካይ አይገባውም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በጣም በከፋችው ደቂቃ ምን ያህል ትዘገያለህ? ላፕቶፑ የቱንም ያህል ፈጣን ይሁን፣ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ለ5 ሚሊሰከንድ ሌላ ነገር ከያዘው ያቺ 2.7 ሚሊሰከንድ አምልጣዋለች።

ተራ አስከባሪው

ታዲያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እዚህ ውስጥ ምን አገባው? መገናኛ ወይም ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ ሥራውን ታውቁታላችሁ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛው ስርዓተ ክወና የሚባለው፣ ዋና ሥራው ተራ ማስከበር ነው። ላፕቶፑ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ይሰለፋሉ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ ማን ቀድሞ ይሳፈር፣ ማን ይጠብቅ የሚለውን ይወስናል። ለተራ ሰው የተሠራ ተራ አስከባሪ ሁሉንም በእኩል ማስተናገድ ይፈልጋል። ፌስቡክም፣ አንቲቫይረሱም፣ አፕዴቱም ትንሽ ትንሽ ይድረሳቸው ይላል። ይህ ክፉ አይደለም፤ ስልካችሁና ላፕቶፓችሁ የሚመቹት በዚህ ምክንያት ነው።

ሪል ታይም ተራ አስከባሪ ግን አምቡላንስ ሲመጣ ሰልፉን በሙሉ ገለል የሚያደርግ ነው። ሦስቱም የታወቁ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ለድምፅ ሥራ እንዲህ ያለ ቅድሚያ የሚሰጡበት መንገድ አላቸው። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ቀጭን መንገድ ላይ የሚዞር ከባድ መኪና ካለ አምቡላንሱ ቢጮህም ቢያለቅስም መዞሩን እስኪጨርስ ይቆማል። በኮምፒውተር ውስጥ ያ ከባድ መኪና ብዙ ጊዜ «ድራይቨር» የሚባለው ነው፤ ዋይፋዩን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ባትሪውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ፕሮግራም። ሥራውን የሚሠራው በሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሆነ «ቆይ አንዴ» ካለ ሁሉም ይቆያል።

ማርስ ላይ የጠፋ ቁልፍ

ለእንዲህ ያለ ሥራ ብቻ ተብለው የተሠሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችም አሉ። አንዱ ኪሳችሁ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። ስልካችሁ ላይ ከአንድሮይዱ ወይም ከአይኦኤሱ ሌላ፣ ከኔትወርክ ማማው ጋር የሚነጋገረው ሞደም የራሱ ትንሽ ሪል ታይም ሲስተም አለው። ማማው በሰጠው ቅንጣት ሰዓት ካልመለሰ ጥሪው ይቋረጣላ!

«እንግዲያው ለሪል ታይም የተሠራውን መርጦ መገላገል ነዋ» ካላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1997 ፓዝፋይንደር የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ማርስ ላይ አረፈች። ኮምፒውተሯ ቪኤክስወርክስ በሚባል፣ በመስኩ አንቱ በተባለ ሪል ታይም ሲስተም ነበር የሚሠራው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ኮምፒውተሩ ራሱን በራሱ አጥፍቶ መነሣት አመጣ።

ምን ሆኖ ነው? መሥሪያ ቤት አስቡ። ተላላኪው የስቶሩን ቁልፍ ይዞ ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ ከስቶሩ ዕቃ በአስቸኳይ ይፈልጋል፣ ቁልፉን ይጠብቃል። በመሃል የክፍል ኃላፊው ተላላኪውን «ና፣ መጀመሪያ የእኔን ጨርስ» ብሎ ይይዘዋል። ኃላፊው ከተላላኪው ይበልጣል፣ ስለዚህ ትእዛዙ ያልፍለታል። ውጤቱ ግን ሥራ አስኪያጁ በክፍል ኃላፊው ምክንያት ደጅ መጥናቱ ነው። መንኮራኩሯ ላይ ተላላኪው የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ፕሮግራም፣ ኃላፊው የመገናኛው፣ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የመረጃ መስመሩን የሚቆጣጠረው ነበር። ጠባቂው ሥርዓት ሥራ አስኪያጁ በሰዓቱ ሲቀር ያይና «የሆነ ነገር ተበላሽቷል» ብሎ ሁሉንም ያጠፋው ነበር።

መሐንዲሶቹ መሬት ላይ ባስቀሩት አምሳያ ችግሩን ደግመው አዩት። መፍትሔው ሲስተሙ ውስጥ አስቀድሞ የነበረ፣ ያልተከፈተ ማዘዣ ሆኖ ተገኘ፦ ቁልፉን የያዘ ተላላኪ ቁልፉን እስኪመልስ ድረስ የሥራ አስኪያጁን ማዕረግ ይዋስ የሚል። ማስተካከያውን ከመሬት ላኩላት፣ ዳነች። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ምርጡን ሲስተም መግዛት የሥራው ግማሽ እንደሆነ ነው። ሌላው ግማሽ አስተካክሎ መክፈቱ ላይ ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን

ወደ ላፕቶፑ እንመለስ። ዊንዶውስ ላይ ድምፅ ወደ ሳውንድ ካርዱ የሚሄድበት ከአንድ በላይ መንገድ አለ። የተለመደው መንገድ የሁሉንም ፕሮግራሞች ድምፅ ቀላቅሎ የሚያሳልፍ ስለሆነ ለሰሚ ጥሩ፣ ለተጫዋች ዘገምተኛ ነው። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «አሲዮ» ይህን ሰልፍ አልፎ በቀጥታ ከሳውንድ ካርዱ ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ዊንዶውስ የያዘ ሙዚቀኛ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሳውንድ ካርዴ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር አለው ወይ?» መሆን አለበት። የዊንዶውስ ጥንካሬ የማይጫንበት የሙዚቃ ሶፍትዌር ጥቂት መሆኑ ነው። ድክመቱ ላፕቶፖቹ ከስንት ፋብሪካ፣ ድራይቨሮቹም ከስንት እጅ መምጣታቸው ነው፤ አንዱ ላይ ሰላም የሆነው ሌላው ላይ ያስለቅሳል።

ማክ ላይ መሣሪያውንም ሲስተሙንም የሚሠራው አፕል ራሱ ነው። «ኮር ኦዲዮ» የሚባለው የድምፅ ክፍሉ ተጨማሪ አቋራጭ ሳይፈልግ ዝቅተኛ መዘግየት ይሰጣል። ገዝቶ፣ ሰክቶ፣ መጫወት ለሚፈልግ ሰው ብዙ ራስ ምታት ይቀንሳል። ሎጂክ ፕሮ የለመደ ሰው ደግሞ ምርጫም የለው፤ በማክ ኮምፒውተር ካልሆነ በሌላው አይሠራም። ዋጋው ግን ዋጋ ነው። በዚያ ላይ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ዘሎ መጫን አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ካታሊና የድሮዎቹን 32 ቢት ፕሮግራሞች በሙሉ መቀበል አቁሟል፤ አዲሱን የጫነ ሰው ያረጁ የድምፅ ፕለጊኖቹን ተሰናብቷል።

ሊኑክስ ነፃ ነው፣ ውስጡን እንደፈለጋችሁ ትፈታታላችሁ። ለድምፅ ሥራ ተዘጋጅቶ የሚመጣ ኡቡንቱ ስቱዲዮ የሚባል አለ። ያን «ከባድ መኪና» ከመንገድ ዞር ለማድረግ የተጀመረው «ፕሪኤምፕት አርቲ» የተባለ ሥራ 20 ዓመት ገደማ ከዋናው ሊኑክስ ውጪ ሲገነባ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ ዋናው ገባ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የወጣው 6.12 እትም ይዞታል። «ይግባልን» የሚለው ጥያቄ በወረቀት ታትሞ፣ በወርቃማ መጠቅለያ ተጠቅልሎ ነበር ለሊነስ ቶርቫልድስ የተሰጠው። 20 ዓመት የጠበቀ ሰው ቢያጌጥ ምን ይፈረድበታል!

ግን ሊኑክስ ላይ ሪፐርና አርዶር ሲሠሩ፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ፣ ኩቤዝና ኤብልተን ላይቭ ለሊኑክስ አይወጡም። በሌላ መንገድ አታልሎ ማስነሣት ይሞከራል፤ ሠርግ ላይ ግን አልሞክረውም።

ስልክስ? አይፎንና አይፓድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጋራዥባንድ አላቸው፤ ገመድ ሰክቶ ለመጫወት በቂ ናቸው። አንድሮይድ ለብዙ ዓመት በዚህ ይታማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር «ኤኦዲዮ» የሚባል አጭር መንገድ መጣለት። ያም ሆኖ እንደ ስልኩ ፋብሪካ ይለያያል። ጉግል «ፕሮ ኦዲዮ» የሚል መለያ ለሚይዝ ስልክ ያስቀመጠው መስፈርት ድምፁ ገብቶ እስኪወጣ ያለው መዘግየት ከተወሰነ ልክ እንዳይበልጥ ነው። ኢርፎኑ ብሉቱዝ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው። ብሉቱዝ ብቻውን ከመቶ ሚሊሰከንድ በላይ ሊያዘገይ ይችላል።

ብር ከማውጣት በፊት መለካት

የአክስቴን ልጅ ላፕቶፑን ይዞ እንዲመጣ አደረግኩት። በመጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አልነበረም። «ድምፆችህ ያሉት የትኛው ሶፍትዌር ላይ ነው?» አልኩት። ለዓመታት ያጠራቀማቸው የክራር፣ የማሲንቆና የከበሮ ድምፆች በሙሉ ሊኑክስ በማይደግፈው ሶፍትዌር ላይ ናቸው። ሊኑክስ በዚያው ከውድድሩ ወጣ። ሊኑክስ ስለማይችል አይደለም፤ ልጁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሕይወቱን እንደ አዲስ መገንባት ስለማይችል ነው።

ከዚያ ለካን። ለዊንዶውስ ሌተንሲሞን የሚባል በነፃ የሚገኝ መለኪያ አለ፤ የትኛው ድራይቨር ምን ያህል ጊዜ መንገድ እንደዘጋ ይቆጥራል። ከፍተን ሻይ ጠጣን። ለደቂቃዎች ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ቆየና ድንገት ዘለለ። እንደገና ዝም፣ እንደገና ዝላይ። የሚዘለው ዋይፋዩ አካባቢው ላይ ያሉ ኔትወርኮችን ሲፈልግ ነበር። ዋይፋዩን አጠፋነው። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ዝላዩ የለም።

«ይህ ብቻ ነው?» አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታም ንዴትም ነበር።

ብቻ አልነበረም። የቻርጀሩን ገመድ ስንነቅለው ላፕቶፑ ባትሪ ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ቀዝቀዝ ያደርገዋል፤ ጠጭ ጠጩም ይመለሳል። እኛ አገር ሠርግ ላይ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሣ ያለው ጊዜ ማለት ይህ ነው። ባትሪ ላይም ቢሆን በሙሉ ኃይሉ እንዲሠራ አስተካከልነው። በመጨረሻ ላፕቶፑ ላይ አብሮ የመጣውን የድምፅ ቀዳዳ ትቶ የራሱ የአሲዮ ድራይቨር ያለው ያገለገለ ሳውንድ ካርድ ገዛ። ለዚህ የወጣው ከዕቁቡ ሩብ አይሞላም።

ማክ ቢገዛ ችግሩ አይፈታም ነበር? ሳይፈታ አይቀርም። ግን የዓመት ዕቁቡን የዋይፋይ ቁልፍ ለማጥፋት ያወጣው ነበር። የጥር ሠርጎቹን በዚያው ላፕቶፕ ጨረሰ። የተረፈው ብር የት እንደገባ እሱና እናቱ ያውቃሉ።

ለእናንተ

ሁላችሁም ኪቦርዲስት አይደላችሁም። አንዱ ጌም ላይቭ ያስተላልፋል፣ አንዷ ሮቦት ትሠራለች፣ አንዱ እንጨት የሚቆርጥ ማሽን በኮምፒውተር መምራት ይፈልጋል። መንገዱ ግን ይመሳሰላል።

አንደኛ፣ ከሶፍትዌሩ ጀምሩ። የምትፈልጉት ፕሮግራም የማይሠራበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለእናንተ የለም ማለት ነው። የመቁረጫ ማሽን ለመምራት ሊኑክስ ሲኤንሲ የሚባለውን ከመረጣችሁ ሪል ታይም ሊኑክስ ላይ ናችሁ፤ ሎጂክ ከመረጣችሁ ማክ ላይ።

ሁለተኛ፣ ቢዘገይ ምን እንደሚከተል ጠይቁ። «ጠጭ» የሚል ድምፅ ከሆነ የተለመዱት ሲስተሞች በቂ ናቸው። ሞተር የሚያንቀሳቅስ፣ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ግን ላፕቶፕ ላይ አትተማመኑ። እንደ ኢኤስፒ 32 ያለች ትንሽ ሰሌዳ ፍሪአርቶስ በሚባል ሪል ታይም ሲስተም ትሠራለች፤ ፌስቡክ የለባት፣ አፕዴት ጠይቃ አታቋርጥ። ሰዓት የሚጠይቀውን ለእሷ ስጡ፣ ስክሪኑንና ማሳያውን ለላፕቶፑ።

ሦስተኛ፣ ስትለኩ የከፋውን እዩ። ሊኑክስ ላይ ሳይክሊክቴስት የሚባለው መለኪያ አማካዩንም ከፍተኛውንም ያሳያችኋል። አማካዩ ሁሌም ደስ ይላል። እናንተ ከፍተኛውን አንብቡ፤ ለአንድ ደቂቃ ሳይሆን ሥራችሁ የሚፈጀውን ያህል ሰዓት አቆዩት።

አራተኛ፣ ሠርቶ ያያችሁትን አትነካኩ። የመድረክ ላፕቶፕ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ በሥራ ዋዜማም አፕዴት አይደረግም። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟልና፣ የባንክ አፕና ኢሜይል የሚከፈትበት ላፕቶፕ ከሆነ አስቡበት። መድረክ ላይ ብቻ የሚውል ከሆነ ከኢንተርኔት አርቁት።

ከዚህ በኋላ አንድ ሰው «የእኔ ላፕቶፕ ያንተን ያስንቃል» ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «በጣም ሲዘገይ ስንት ነው?» በሉት። የፕሮሰሰሩን ስም ከነቁጥሩ ይነግራችኋል፣ ራሙን ይነግራችኋል፣ የገዛበትን ዋጋም አይደብቃችሁም። ይቺን ግን ከለካ ብቻ ነው የሚያውቃት። ጅቡ ደግሞ የሚመጣበትን ሰዓት አያስታውቅም።